ከጉድጓዱ በፊት ካርታው

ባለፈው እሑድ የሽማግሌ ቁጣ ደረሰብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የተወላጆች ማኅበራችን ስብሰባ ነበረው። ስብሰባ ስል መቼም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ አሥር ሰዓት ላይ የሚጀመር፣ ድፎ ዳቦው ከአጀንዳው ቀድሞ የሚያልቅ፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሲነበብ ግማሹ ሰው መኪናውን ሊያይ የሚወጣበት ስብሰባ ነው። የዕለቱ አጀንዳ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለምትገኘው ለትውልድ ከተማችን ሁለተኛ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር። ሊቀመንበራችን "ገንዘቡ ሞልቷል፤ ቆፋሪው ሪጉን ይዞ እየጠበቀ ነው፤ የቀረን እጅ ማውጣት ብቻ ነው" አሉ። ጭብጨባው ደመቀ።

እኔም እጄን አወጣሁ፤ ለድምፅ ሳይሆን ለንግግር። "ከመቆፈራችን በፊት ያሉት ጉድጓዶች ሁሉ ውሃቸው ይመርመር፤ በካርታም ላይ ይስፈር" አልኩ። አዳራሹ አጉረመረመ። ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አድርገው፣ "አንተ ልጅ፣ ሰው ውሃ ጠምቶት ስለ ካርታ ይወራል? እናትህ እንስራ ተሸክማ ወንዝ ስትወርድ ካርታ ይዛ ነበር?" አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የተፈቀደልኝ ሦስት ደቂቃ በሳቅ አለቀ። ስለዚህ እዚያ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው፤ በዚህ አምድ ላይ ሰዓት የሚይዝብኝ ሊቀመንበር የለም።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲቆፈር የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ እኔ ነበርኩ። ቼኩ ላይ የፈረምኩት በዚህ እጄ ነው። ያን ጊዜ ያልሠራነው ነገር የለም፤ የእራት ግብዣ፣ ቶምቦላ፣ ዘፋኝ ማስመጣት። አንዳንዱ ወንድማችን የሁለት ሌሊት የታክሲ ገቢውን ሙሉ በሙሉ አምጥቶ አስረክቧል። ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ ውሃው ወጣ፤ ቦኖው ተመረቀ። የምርቃቱን ቪዲዮ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እያየን አልቅሰናል። ቆፋሪው የላከልን ወረቀትም ነበረ፤ ውሃው ከጀርም ነፃ ነው ይላል። ከጀርም ነፃ መሆኑ እውነት ነበር። ሌላ ነገር ግን ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ሄጄ ነበር። የእኅቴ ልጅ አሥር ዓመቱ ነው። ቀልደኛ ልጅ ነው፤ ሲስቅ ግን አፉን በእጁ ይሸፍናል። መጀመሪያ ዓይን አፋርነት መሰለኝ። በኋላ ጓደኞቹን ሳይ እነሱም እንደዚያው ናቸው። የፊት ጥርሶቻቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ፣ በአንዳንዶቹም ላይ የተቦረቦረ ምልክት አለ። እኅቴ "ውሃው ነው ይላሉ" አለችኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እኔን ላለማሳዘን። ከቦኖው አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድቼ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ አስመረመርኩ። ፍሎራይዱ ከሚፈቀደው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን ይዤ ምን ያህል ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላስታውስም።

ፍሎራይድ ምንድን ነው? በጥቂቱ ሲሆን ለጥርስ ይጠቅማል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገባውም ለዚሁ ነው። ሲበዛ ግን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው መጠን በአንድ ሊትር ውሃ 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ ሲጠጡ ያደጉ ልጆች፣ ቋሚ ጥርሳቸው ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ይበላሽባቸዋል፤ ከበቀለ በኋላ በብሩሽ ቢፈገፍግ አይለቅም። መጠኑ ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመታት ከተጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ጀርባ ይጎብጣል። ሌላም ክፋት አለው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። እናቶቻችን እንደለመዱት ቢያፈሉት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ይወፍራል።

ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዶች ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የእርሻው ሠራተኞች ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ እየጠጡ ኖሩ፤ በ1970ዎቹ ዓመታት ሐኪሞች የአጥንታቸውን ጉዳት መዘገቡ። ጀርባው ጎብጦ ጡረታ የወጣ የወንጂ ሠራተኛ በዓይኑ ያየ ሰው ከአንባቢዎቼ መካከል አይጠፋም። በዚያው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ዛሬም በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ እንዲህ ያለ ውሃ ይጠጣል። ምክንያቱም ከእሳተ ገሞራ የመጣው አለት ነው። ውሃው በዚህ አለትና በጥንት አመድ ውስጥ ረጅም ጊዜ ሲንፏቀቅ ፍሎራይዱን ይዞ ይሄዳል። በውሃው ውስጥ በቂ ካልሲየም ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር፤ በሸለቆው ወለል ላይ ግን ውሃው ካልሲየሙን በመንገድ ለአፈሩ ሰጥቶ በምትኩ ሶዲየም ተቀብሎ ይደርሳል። ስለዚህ ከደጋው አፋፍ የሚወጣው ምንጭ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ቆላው ላይ የሚወጣው መርዝ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ካርታው ልመለስ። ጋሼ፣ ይህን የሚያነቡ ከሆነ (እንደሚያነቡ አውቃለሁ፤ ጋዜጣውን በየሳምንቱ ከግሮሰሪው የሚወስዱልኝ እርስዎ ነዎት) በሰው አገር የሆነ አንድ ታሪክ ልንገርዎ።

ባንግላዴሽ ውስጥ ሕዝቡ የኩሬና የወንዝ ውሃ እየጠጣ ሕፃናት በተቅማጥ ያልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ መንግሥትና ዩኒሴፍ፣ ቀጥሎም ሕዝቡ ራሱ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቀጫጭን ጉድጓዶች አስቆፈሩ፤ የእጅ ፓምፕ ተከሉ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ውሃውም ከጀርም ንጹህ ነበር። በ1993 ግን በአንድ አውራጃ አርሰኒክ የተባለው መርዝ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ተገኘ። ከመቆፈሩ በፊት አርሰኒክን ማንም አልመረመረም። በ1998 እና በ1999 የእንግሊዝ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት ከአገሩ መንግሥት ጋር ሆኖ ከ3,534 ጉድጓዶች ናሙና ወሰደ። ጥልቀታቸው አነስተኛ ከሆኑት መካከል 27 በመቶ የሚሆኑት ከአገሪቱ ወሰን አልፈው ተገኙ። የሒሳብ ሊቃውንቱ ይህን ናሙና በካርታ ላይ ዘርግተው ሲያሰሉት፣ ከወሰኑ በላይ የሆነ ውሃ የሚጠጣው ሕዝብ ወደ 35 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገመቱ። የእኛ ጉድጓድ አንድ ነው። ስሕተቱ ግን ያው ነው፤ የምንፈራውን አንዱን መርምረን የማናውቀውን ሌላውን ዝም አልን።

"3,534 ጉድጓድ አይቶ ስለ ሚሊዮን ጉድጓድ እንዴት ይናገራል?" ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የዘዴው መነሻ ውሃ ሳይሆን ወርቅ ነው። ዳኒ ክሪገ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ የማዕድን መሐንዲስ ጥቂት ቀዳዳ ብቻ ተቆፍሮ የአንድን ቦታ የወርቅ መጠን እንዴት መገመት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1951 ጻፈ። ዦርዥ ማተሮን የተባለ ፈረንሳዊ ደግሞ በ1960ዎቹ ነገሩን በሒሳብ አደላድሎ በክሪገ ስም "ክሪጊንግ" የሚባለውን ዘዴ አቆመ።

ሒሳቡ ከባድ ነው፤ ሐሳቡ ግን ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። የዱከምን የጤፍ ዋጋ ለማወቅ ብትፈልጉና እዚያ የሚነግራችሁ ሰው ብታጡ፣ የደብረ ዘይትንና የአቃቂን ትጠይቃላችሁ እንጂ የጎንደርን አትጠይቁም። ቅርብ ለቅርብ ይመሳሰላልና። ታዲያ መመሳሰሉ ስንት ኪሎ ሜትር ድረስ ይዘልቃል? ሊቃውንቱ መጀመሪያ የሚለኩት ይህንን ነው። ናሙናዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ፣ ርቀታቸው ሲጨምር ልዩነታቸው በምን ያህል እንደሚሰፋ ያያሉ። ከዚያ በኋላ ላልተቆፈረው ቦታ ግምት ሲሰጡ ለቅርቡ ጉድጓድ ብዙ፣ ለሩቁ ጥቂት ክብደት ይሰጣሉ። ደግሞም ከአንድ መንደር የመጡ ሁለት ነጋዴዎች አንድ ዓይነት ዋጋ ቢነግሯችሁ እንደ ሁለት ምስክር አትቆጥሯቸውም አይደል? ሒሳቡም ተቀራርበው የተቆፈሩትን ጉድጓዶች እንደዚሁ ነው የሚያያቸው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሌላው ባሕርይው ነው። ይህ ዘዴ ግምቱን ብቻ ሰጥቶ አይሄድም፤ ግምቱ በየቦታው ምን ያህል እንደሚያጠራጥርም ይናገራል። ስለዚህ ሁለት ካርታ ይወጣል፤ አንዱ "እዚህ ይህን ያህል ፍሎራይድ ይኖራል" የሚል፣ ሁለተኛው "እዚህ ግን ናሙና ስለሌለኝ አትመኑኝ" የሚል። ከ1.5 ሚሊግራም የማለፍ ዕድሉ በየቦታው ከመቶ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ካርታም ይሠራል። "እርግጠኛ አይደለሁም" ብሎ በጽሑፍ የሚሰጥ ባለሥልጣን በሕይወቴ አላየሁም፤ ካርታ ግን አይቻለሁ።

ይሁንና ካርታን ማምለክም አያስፈልግም። በባንግላዴሽ አሥር ሜትር በማይሞላ ርቀት የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ ደኅና ሌላው መርዝ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ካርታው የት አጥብቀን እንመርምር የሚለውን ከመለሰ በኋላ፣ ከ2000 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ተመረመሩ። ደኅናው ፓምፕ አረንጓዴ፣ መርዘኛው ቀይ ተቀባ፤ 1.4 ሚሊዮን ያህሉ ቀይ ሆኑ። የእኛም ስምጥ ሸለቆ በስንጥቅ የተሞላ ስለሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚራራቁ ጉድጓዶች ፈጽሞ ላይመሳሰሉ ይችላሉ።

ከጎረቤታችን ከኬንያም አንድ ትምህርት አለ። በመስከረም 2013 እ.ኤ.አ. በቱርካና በረሃ ከመሬት በታች 250 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ተገኘ ተብሎ ዓለም ጉድ አለ። ግምቱ በሳተላይትና በራዳር ላይ የተመሠረተ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ትልቁ የሎቲኪፒ ክምችት ተቆፍሮ ሲፈተሽ ውሃው ለመጠጥ የማይሆን ጨዋማ ሆኖ ተገኘ። ሳተላይት ውሃ ሊኖርበት የሚችለውን ቦታ ይጠቁማል እንጂ አይቀምስም። ካርታ ያለ ናሙና፣ ናሙናም ያለ ካርታ ጎዶሎ ነው።

"አገራችን ውስጥ ማን ይሠራዋል?" ላላችሁኝም መልስ አለኝ። የኢትዮጵያ የከርሰ ምድር ውሃ ካርታ በ2 ሚሊዮን መለኪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ያ ሁሉ ጦርነት ባለበት በደርግ ጊዜ ማለት ነው። አቶ ተስፋዬ ቸርነትና የጂኦሎጂ ጥናት ባለሙያዎች ናቸው የሠሩት። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር የአገሪቱን የፍሎራይድ ሥርጭት በካርታ አስፍረው በ2006 አሳትመዋል። ሰይፉ ከበደም በ2013 ስለ ኢትዮጵያ የከርሰ ምድር ውሃ ሙሉ መጽሐፍ አውጥቷል። እኛ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስናስቆፍር የረዳ ካርታ ታትሞ ነበር። አንድ ስልክ፣ አንድ ደብዳቤ ይበቃን ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነው ግን የሚለቀም አይደለም፤ የልጆች ጥርስ ነው።

ስለ ጥራቱ ይህን ካልኩ ስለ ብዛቱም አንድ ቃል ልጨምር። የዓለማያ ሐይቅን የሚያውቅ ሐረሬ፣ በዚያም የተማረ ሰው ሁሉ ያን ሐይቅ ያስታውሰዋል። ለከተማ ውሃ፣ ለአትክልትና ለጫት መስኖ በየአቅጣጫው ፓምፕ ተተከለበት፤ ከሐይቁም ከዙሪያው ጉድጓዶችም ተሳበ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። በኋለኞቹ ዓመታት ውሃ ዳግም ታይቶበታል፤ ነገር ግን የዚያን ጊዜው ድርቀት የሚያስተምረን አለ። ከመሬት በታች ያለ ውሃም እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ሲጎድል በዓይን አለመታየቱ ነው። የሚታየው በገመድና በደብተር ብቻ ነው። በየወሩ፣ በተወሰነ ቀን፣ ፓምፑ ጠፍቶ ውሃው ከረጋ በኋላ፣ ምልክት ያለበት ገመድ ወደ ጉድጓዱ ተልኮ የውሃው ጥልቀት ይጻፋል። ሁለት ሦስት ዓመት ከተጻፈ የክረምቱን ከፍታና የበጋውን ዝቅታ ከእውነተኛው ቅናሽ መለየት ይቻላል። ያን ጊዜ ፓምፑ በቀን ስንት ሰዓት ይሥራ የሚለው በሙግት ሳይሆን በደብተሩ ይወሰናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገመድ፣ እስክሪብቶና አንድ ታማኝ ተማሪ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ አይደለምን?

ወደ እሑዱ ስብሰባ ልመለስና ላብቃ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ተነሣ። በመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ ወንድማችን ነው፤ በስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም። "እኔ አገር ቤት ጂኦሎጂስት ነበርኩ። የጉድጓድ ናሙና ስሰበስብ ነው ስድስት ዓመት የኖርኩት። ከተፈለገ ጥናቱን ያለ ክፍያ አያለሁ" አለ። ለአሥራ አምስት ዓመት አብሮን ቡና ሲጠጣ ማናችንም ሙያውን ጠይቀነው አናውቅም ነበር። ቀጥላ አንዲት ነርስ እኅታችን ተነሥታ፣ "እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። አሁን ያለው ቦኖ ላይ ለሚጠጡት ልጆች ዛሬ ምን እናደርጋለን?" አለች። ያን ጊዜ ነው አዳራሹ ጸጥ ያለው። እኔም ስለ ካርታ ብዙ ሳወራ ይህን ጥያቄ ረስቼው ነበር።

አዛውንቱ ከዘራቸውን ይዘው ቆዩና፣ "ልጄ፣ ያ የእኅትህ ልጅ የማን ልጅ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አያቱን ያውቋቸው ነበር፤ አብረው ተምረዋል። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ድምፅ ሲሰጥ ግን እጃቸው ከእኛ ጋር ነበር።

በጠባብ ልዩነት አለፈ። ቁፋሮው በስድስት ወር ይዘገያል። በከተማዋና በዙሪያዋ ያሉ ጉድጓዶችና ምንጮች ሁሉ በጂ ፒ ኤስ ቦታቸው ይያዛል፤ ፍሎራይዳቸው፣ ጨዋማነታቸው፣ ጥልቀታቸውና የውሃ መጠናቸው ይመዘገባል። ሕፃናት ላሉባቸው ቤቶች ከአሁኑ የክረምት የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ ይገዛል። በከሰል ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራው ማጣሪያ በስምጥ ሸለቆ ተሞክሯል፤ ወንጂም በአሉሚና ሲያጣራ ኖሯል፤ የሚሻለውን ጂኦሎጂስታችን ያጠናል። ምናልባትም ካርታው ሲሠራ መልሱ ሌላ ጉድጓድ ሳይሆን ከአፋፉ ምንጭ በቧንቧ መሳብ ይሆናል። የተቆጡ ወንድሞች አሉ፤ ሁለቱ ከማኅበሩ እንወጣለን ብለዋል። ቁጣቸው ይገባኛል፤ አገር ቤት ያለ ዘመድ በየሳምንቱ ስልክ እየደወለ "ሪጉ መቼ ይመጣል?" ሲል መልሱ ቀላል አይደለም።

ለእናንተም፣ በየስቴቱና በየአገሩ ለውሃ ገንዘብ ለምታዋጡ ወገኖቼ፣ አንድ አደራ አለኝ። ቼክ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ በአካባቢው ያሉት ጉድጓዶች የት የት ናቸው፣ ውሃቸውስ ምን ይላል? የተመረመረው ጀርም ብቻ ነው ወይስ ፍሎራይዱና ጨውም? ደረቅ ጉድጓድ ቢወጣ ኪሳራው የማን ነው? የቁፋሮው መዝገብ ለቀበሌው፣ ለውሃ ቢሮውና ለእናንተ በሦስት ቅጂ ይሰጣል ወይስ በቆፋሪው መሳቢያ ይቀራል? የውሃውን ጥልቀት በየወሩ የሚጽፈው ማን ነው? እነዚህን የማይመልስ ሰው ሪጉ ቢወረዛም ቢያብረቀርቅም ገንዘባችሁን አትስጡት።

የእኅቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት በስልክ አናግሮኝ ነበር። "አጎቴ፣ ናሙና ልሰብስብ?" አለኝ። የገመዱንና የደብተሩን ሥራ ለእሱና ለጓደኞቹ ለመስጠት አስቤአለሁ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር እንሰንብት።